የስፒከሩ ልብስ

በእኛ ሰፈር መርዶ የሚያረዳው ጋሽ አንጁሎ ነበር። ሰው ሲሞት፣ ሟቹ ከሩቅም ይሁን ከቅርብ፣ ማለዳ ጋቢውን አጣፍቶ ከሽማግሌዎቹ ፊት የሚሄደው እሱ ነው። በሩን አንኳኩቶ ይገባና ይቀመጣል፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ማንጎው ትንሽ ያወራል፤ ባለቤቱ ራሱ እስኪጠረጥር ይጠብቃል፤ ከዚያ በዝግታ ይናገራል። ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ልጁ ከገረሴ ደውላ "አባዬ አረፈ" ስትለኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ "ለአባቴ እንዲያረዳልኝ ጋሽ አንጁሎን ልጥራው" የሚል ነበር። ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ይሞኛል።

ሌላ ሽማግሌ መፈለግ እችል ነበር። ግን በዚያ ሰዓት በራችንን የሚያንኳኳው ሌላ ሰው ከሆነ፣ አባቴ ማን እንደሞተ ገና ሳይነገረው ያውቃል። እኔው ልንገረው ብዬ ወሰንኩ። ፊቱን ታጥቦ፣ ፎጣውን ሰቅሎ፣ የጆሮ መሣሪያውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስቶ ጆሮው ውስጥ እስኪያደርግ ቆሜ ጠበቅሁት። ያንን ቃል ሁለት ጊዜ መናገር አልፈለግሁም።

"አባዬ፣ ጋሽ አንጁሎ..." አልኩና ቀሪውን መጨረስ አቃተኝ። እሱ ግን ሰምቷል። ሳሎን ውስጥ የተለመደ ቦታው ላይ ተቀመጠና ከቴፑ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ስፒከሮች ማየት ጀመረ። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ እነሱኑ አየሁ፤ ስለ ጋሽ አንጁሎ ማሰብ ማለት በእኛ ቤት ስለነዚያ ስፒከሮች ማሰብ ነውና።

ጋሽ አንጁሎ ሸማኔ ነበር። ትውልዱ ከገረሴ በላይ ካለ ደጋ ቀበሌ ነው፤ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በወጣትነቱ ነው። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ግቢ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰን ቤት ነበረው፤ የሽመና ዕቃውን የተከለው እዚያው አጥሩ ጥግ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እኔ ያደግሁት መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ እየሰማሁ ነው። አባቴ ደግሞ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ መጥቶ እስከ ዛሬ ያልተመለሰ ሰው ነው። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ጋሽ አንጁሎን ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ አንጁሎ አባቴን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "ሳሮ፣ መምህሬ!" ይለዋል፤ አባቴም በጋሞኛው "ሳሮ!" ብሎ ይመልሳል፤ የቀኑ ሥራ ከዚያ በኋላ ይጀመራል።

አንድ ልማድ ነበረው። ጨርቅ ሲያይ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ጫፉን አንስቶ ከንፈሩ ላይ ያደርግና "እፍ" ይልበታል። መዳፉን ከጨርቁ ጀርባ ይዞ ትንፋሹ ማለፍ አለማለፉን ያያል። "ይተነፍሳል" ካለ ጨርቁ አልፏል፤ "አይተነፍስም" ካለ አለቀለት። ገበያ ላይ አንዳንድ ልብስ ነጋዴዎች ሲመጣ ሲያዩት ዕቃቸውን ወደ ውስጥ ይስቡ ነበር። አንድ ጊዜ ለሰርግ ብዬ የገዛሁትን ቀሚስ እጅጌ ይዞ እፍ አለበትና "ይሄ ላስቲክ ነው፤ በዚህ ሙቀት ልትቀቀል ነው?" አለኝ። ልትቀቀዪ ማለቱ ነው። አማርኛው የተሟላ ነበር፤ ጋዜጣ ያነባል፤ ይቀልዳል፤ ይከራከራል። ወንድና ሴት ላይ ብቻ አልፎ አልፎ ስለሚሳሳት እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ግማሽ ቀን "አንቺ" ግማሽ ቀን "አንተ" ሲለኝ ኖሯል።

ያቺን ቃል ለሰውም ያውላት ነበር። ፊቱ የማይፈታ ሹም ሲያጋጥመው "እሱ ሰውዬ አይተነፍስም" ይላል። እኔ ስቆጣ ሲያይ ደግሞ "ትዕግስት፣ እስቲ ተንፍሽ" ይለኛል። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስሜ ሲጠራ እርስ በርሳቸው የሚተያዩበት በቂ ምክንያት አላቸው።

ቴፑን አባቴ የገዛው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ስፒከሮቹ የእንጨት ናቸው፤ ጉልበት ድረስ ይደርሳሉ። ካሴቶቹ አብዛኞቹ ዋሽንት ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። አንድ ካሴት አለ፤ መሀሉ ላይ ዋሽንቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ አለው፤ አባቴ እዚያ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ጋሽ አንጁሎ ጎጃምን በዓይኑ አላየም፤ ቢሆንም በዜማው ውስጥ ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ መንገደኛው የት ላይ አረፍ እንደሚል ለአባቴ ያስረዳው ነበር። አባቴም ሳይስቅ ያርመዋል።

የስፒከሮቹ ልብስ ጉዳይ የተነሣው በጦጣ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ መስኮት ክፍት ትቶ መውጣት ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለም። እኛ ግን ያን ቀን ከጫኖ የመጣ ሙዝ ጠረጴዛ ላይ ትተን፣ መስኮቱንም ከፍተን ወጣን። ስንመለስ ጦጣዋ ሙዙን በልታ፣ ልጣጩን ቴፑ ላይ አኑራ፣ የስፒከሮቹን የፊት ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ቀድዳው ሄዳለች። የቀረው ጨርቁ ተወጥሮበት የነበረው ፍሬም ብቻ ነው። ከኋላው ያሉት ጥቁር ክብ ወረቀቶች፣ ድምፅ የሚያወጡት፣ ራቁታቸውን ቀሩ።

እኔ "እንዲህ ይሁኑ፣ ተዉአቸው" አልኩ። ድምፅ ንዝረት መሆኑን፣ ፊቱ ላይ የሚጋረድ ነገር ሁሉ በተለይ ቀጭኑን ድምፅ እንደሚቀንሰው፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሆኜ አስረዳሁ። አባቴ ደግሞ ስለ አቧራው ተጨነቀ፤ ጦጣዋ ተመልሳ ብትመጣ ጣቷን ወረቀቱ ውስጥ እንደምትከት ተናገረ። ጋሽ አንጁሎ ሁለታችንንም እስከ መጨረሻው ሰማና "ልብስ ያስፈልጋታል" ብሎ ፈረደ፤ ስፒከሯን ማለቱ ነው። "ግን የምትተነፍስ ልብስ።"

የመጀመሪያው ልብስ ከጋቢ አይተናነስም ነበር። ዳር ዳሩን ጥለት አድርጎበት፣ ፍሬሞቹ ላይ ወጥሮ በእጁ ሰፍቶት መጣ። ቴፑ ሲከፈት ዋሽንት ነፊው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚነፋ ይመስል ነበር። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ጋሽ አንጁሎም "እሺ፣ ይቺ አልተነፈሰችም" ብሎ ነቅሎ ወሰደ። ሁለተኛው ቀለል አለ። ሦስተኛው እንደ ነጠላ የሳሳ ነበር፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ወጣ። ጨርቁ ላይ እፍ አለና "ይተነፍሳል" ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ከዓመት በኋላ ግን አባቴ አንድ እሑድ ራሱን ነቀነቀና "ዋሽንቱ ታፈነብኝ" አለ።

"ያው ነው እኮ አባዬ" አልኩ።

ጋሽ አንጁሎ ስፒከሮቹን ትቶ አባቴን አየው። ያኔ ልብ አላልኩትም። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ዝናቡ ሲመጣ ክሩ አበጠ። ጠበቀች።" ፍሬሞቹን ከነልብሳቸው ነቅሎ በብብቱ ይዞ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመልሳቸው ልብሱ ነጭ፣ ካውያ የነካው፣ ቆንጆ ሆኗል። "ሁለት ሁለት ክር ቀነስኩላት" አለ። አባቴ አዳመጠና "አሁን ተሻለ" አለ። ሻይ ጠጥተው ተለያዩ።

ከወራት በኋላ እንደገና ታፈነ። አሁን ደግሞ አቧራ ጠጥታ ነው። ከዚያም እንደገና፤ ማጉ ጠብቆ ነው። በየጊዜው ጋሽ አንጁሎ ይወስዳል፤ አዲስ አድርጎ ያመጣል፤ ከስፒከሩ አጠገብ ቆሞ የአባቴን ፊት ያያል፤ አባቴም "አሁን ተሻለ" ይላል። በእኔ ቁጠራ ስድስት ልብስ ሞላ። ነገሩ ያንገሸግሸኝ ጀመር። "ጋሽ አንጁሎ፣ ይሄ ጨርቅ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ በላይ መሳሳት ካለበት ሸረሪት ቅጠርላት" አልኩት።

"አንተ ፊዚክስ ታውቃለህ፣ እኔ ጨርቅ አውቃለሁ።"

"ታዲያ አውልቀን ለምን አናየውም? አንድ ቀን ብቻ!"

"አትወልቅም" አለ ቶሎ። ከዚያ ሳቀና "ልብስ ከሌላት እኔ ምን እሠራለሁ?" አለ። የሽመና ገበያው ስለቀዘቀዘ ሥራ ፍለጋ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ማሰቤን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በዚያው ሰሞን የጠዋቱ ሰላምታም እየተበላሸ ነበር። "ሳሮ፣ መምህሬ!" ይላል ጋሽ አንጁሎ፤ አባቴ ዝም። ጋሽ አንጁሎ ዞሮ ዓይኑ ፊት ይመጣና እንደገና ይላል፤ አባቴ ይመልሳል። ይህንንም አየሁ፤ ግን እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ስድስተኛው ልብስ ከተሰፋ ገና ወሩ ነው። አባቴ "አሁንም ታፍኗል መሰለኝ" አለ፣ በለሆሳስ፣ እንዳፈረ ሰው። እኔ ብድግ አልኩ። "በቃ፣ አወልቀዋለሁ።"

"ተዪው" አለ አባቴ።

አልተውኩም። "ተዪው፣ ትዕግስት" አለ ደግሞ። ጋሽ አንጁሎም እጁን ዘርግቶ ነበር። እኔ ግን ፍሬሞቹን ጠቅ፣ ጠቅ አድርጌ ነቀልኳቸውና ወለሉ ላይ አስቀመጥኳቸው። "ይኸው! ምንም የለበትም። አሁንስ?"

ዋሽንቱ ቤቱን ሞላው። ያ ካሴት ነበር። እኔ ክርክር እንደረታ ሰው ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ስፒከሩ ሄደ፤ ጎንበስ አለ፤ በጣቱ ጫፍ ጥቁሩን ወረቀት ነካ። ሌላ ጨርቅ የቀረበት መስሎት ዙሪያውን ዳሰሰው። ዋሽንቱ እየቀጠነ ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ዓይኑን ከሚጨፍንበት ቦታ ደርሷል። የአባቴ ዓይን ግን እንደተከፈተ ነው። ቀና ብሎ አየኝና "አልቋል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ጋሽ አንጁሎ መጥቶ ቴፑን አጠፋና "አዎ መምህሬ፣ አለቀች" አለው።

ጋሽ አንጁሎ በሕይወቴ የተቆጣኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ፍሬሞቹን ከወለሉ አንስቶ ተከትሎኝ ወደ ግቢ ወጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ልጄ፣ ልብሱ የስፒከር መሰለሽ?" አለኝ።

ገባኝ፤ ግን ከረፈደ በኋላ ነው። ልብስ እስካለ ድረስ ጥፋቱ የልብሱ ነበር። የጠበቀ ክር ይፈታል፤ አቧራ ይታጠባል። እኔ አውልቄ ያጋለጥኩት የአባቴን ጆሮ ነው፤ ያውም በወዳጁ ፊት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ቤቱ ውስጥ ተዘጋ። ቴፑ ላይ ፎጣ ጣለበት። እድር ስብሰባ መሄድ ተወ። ስልክ ሲጠራ እኔን በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ዕድሜውን ሙሉ በማስተማርና በማውራት የኖረ ሰው፣ ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ ሲመልስ እንዳይሳቅበት ፈርቶ ጨርሶ ዝም አለ። "ሐኪም ቤት እንሂድ" ስለው "ጆሮዬን ምን አገኘው?" ይለኛል፤ ስደግመው ተነሥቶ ይገባል። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አባቴን በገዛ እጄ ዘጋሁት፣ ከእንግዲህም አይከፈትም ብዬ ፈራሁ፤ ማታ ማታ አለቅስ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ አንጁሎ ሰርግ የሚሄድ መስሎ፣ ንጹሕ ነጭ ሸማ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። አባቴ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከንፈሩን እያሳየ "መምህሬ፣ ጆሮዬን ታመምኩ። መወርወሪያዋ ጨረሰችኝ። ዛሬ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው" አለ።

"ሂዳ፣ ደግ ነው" አለ አባቴ።

"ብቻዬን አልሄድም። ሐኪሞቹ አማርኛ ሲያፈጥኑ አይገባኝም። እርስዎ አብረውኝ ይሁኑ፤ ያሉትን ቀስ ብለው ያስረዱኛል።"

አፌን ከፈትኩ። ይህ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ገብቶ ስለ አጥር ግማሽ ቀን በአማርኛ ተከራክሮ የወጣ ነው! ጋሽ አንጁሎ ግን ዞሮ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አፌን መልሼ ዘጋሁ። አባቴ ወዳጁን ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ "ኮቴን አምጪልኝ" አለኝ።

ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ሄድን። የጆሮ መርማሪዋ ክፍል ጠባብ ናት፤ ልጅቷም ወጣት ናት። ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ አንስታ ወደ ጋሽ አንጁሎ ስትመጣ እሱ ወደ ኋላ ሸሸ። "እኔ ፈራሁ" አለ። "መምህሬ መጀመሪያ ይሞክሩልኝ። እሳቸውን ካላመማቸው እኔ እገባለሁ።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ ምንም..." ብላ ጀመረች ልጅቷ። ከጋሽ አንጁሎ ጀርባ ሆኜ በዓይኔ ለመንኳት። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ቶሎ ገባት። "እሺ፣ እንግዲያው እርስዎ ይቅደሙ፤ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ" አለችው አባቴን።

አባቴ ማዳመጫውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ እጁን አነሣ፤ ደግሞ አነሣ። ከዚያ ልጅቷ ድምፁን እያቀጠነች ሄደች፤ እጁም ጉልበቱ ላይ ቀረ። ጋሽ አንጁሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የሚያነብ መስሎ ፊቱን አዞረ። ቀጥሎ የእሱ ተራ ሆነ። መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ እጁ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። "አባባ፣ የእርስዎ ጆሮ ከእኔም ይሻላል" አለችው ልጅቷ።

"ታዲያ ድኛለሁ ማለት ነዋ" አላት። አባቴ ሳቀ። ከሁለት ወር በኋላ የሳቀው ያኔ ነው፤ ያን ሳቅ ስሰማ እንባዬ መጣ።

ለአባቴ የታዘዘለት የጆሮ መሣሪያ እስኪመጣ ወራት ወሰደ። ባደረገበት ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ድንገት አንገቱን ወደ አጥሩ አዞረና "ትዕግስት፣ ይሄ የምን ድምፅ ነው?" አለኝ። መወርወሪያው ነበር። "አንጁሎ! ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጮኸው?" ብሎ ጠራው።

"አርባ ዓመት ሙሉ!" አለ ጋሽ አንጁሎ ከአጥሩ ማዶ።

እሑድ ፎጣው ከቴፑ ላይ ተነሣ። ጋሽ አንጁሎ ፍሬሞቹን ከነልብሳቸው መልሶ ገጥሟቸው ነበር፤ እኔ ቃል አልተነፈስኩም። አባቴ እያዳመጠ "እንደ ድሮው አይደለም፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል" አለ። መሣሪያው ነው፣ ትለምደዋለህ አልኩት። ዋሽንቱ ወደዚያ ቦታ ሲወጣ ግን ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ አንጁሎ እኔን አይቶ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ "ተንፍሽ" አለኝ።

እንዲህ አራት ዓመት ኖሩ። የጠዋቱ ሰላምታ ተመለሰ፤ እድሩ ተመለሰ፤ የዳገቱና የቁልቁለቱ ክርክርም ተመለሰ። ከዚያ ባለፈው ወር ጋሽ አንጁሎ ልጁን ሊያይ ወደ ገረሴ ወጣ፤ እዚያው ታሞ እዚያው አረፈ።

"ልጁ እንዴት ናት?" አለ አባቴ በመጨረሻ፣ ስፒከሮቹን ማየቱን ሳይተው።

"እያለቀሰች ነው የደወለችው።"

"ነገ በጠዋት እንወጣለን።" ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እኔም ያኔ ስንት ዓመት የያዝኩት ነገር አመለጠኝ። "ያን ቀን ባላወልቀው ኖሮ፣ አባዬ። እሱ ስድስት ጊዜ ሲሸምንልህ እኔ አንዲት እሑድ መታገሥ አቃተኝ" አልኩት።

"ስድስት አይደለም" አለ። "ሦስት ነው።"

ሐዘን አደናግሮት መሰለኝ። "ስድስት ነው እንጂ፤ ቆጥሬያለሁ።"

"ፍሬሟን ንቀያት። የግራዋን። የታች ጥጓን እዪ።"

ነቀልኳት። ከታች፣ ሁልጊዜ ከወለሉ አጠገብ በሚሆነው ጥግ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ፈዛዛ ሮዝ ነጥብ አለች። ያን ሁሉ ዓመት አይቻት አላውቅም።

"የኔ ቀይ እስክሪብቶ ናት" አለ አባቴ። አሁንም ድረስ የጋዜጣ ስሕተት በቀይ ያርማል። "ሦስተኛውን ልብስ ባመጣልን ሳምንት ለእንግዳ ሳሳይ በስሕተት ነካሁበት። አልነገርኩትም፤ አፍሬ። አራተኛው መጣ ሲባል ነጥቧም አብራ መጣች። በአምስተኛውም ነበረች። አጥቧት አልለቀቀችለትም፤ ወደ ታች አድርጎ ገጠማት፣ እንዳላይበት።"

"ታውቅ ነበር?"

"የደከመው ጆሮዬ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነበር።"

"ታዲያ ለምን 'አሁን ተሻለ' ትለው ነበር?"

"አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ወጥሮ፣ በእጁ ሰፍቶ ያመጣል። እዚህ ጋ ቆሞ አፌን ያያል። ምን ልበለው? እሱ እኔ እንዳላፍር ይደክማል። እኔስ ድካሙን ከንቱ ላድርግበት?"

"የሐኪም ቤቱስ? አማርኛ አይገባኝም ያለህ?"

አባቴ እያለቀሰ ሳቀ። "ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ከክፍሉ አንደኛ ነበር! አንቺ ብትወስጂኝ አልሄድም ነበር፣ ትዕግስት። ያ ኩሩ ሰው ለኔ ሲል ማይም መስሎ ፊቴ ሲቀመጥ ግን ቁጭ ማለት አልቻልኩም።"

እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ጆሮዬም ዓይኔም ደህና ሆኖ ምንም የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለቱ እርስ በርስ ሲሸፋፈኑ ኖረዋል፤ በመሀል እኔ ስለ ንዝረት ሳስተምራቸው። ማፈር ነበረብኝ፤ አፍሬያለሁም። ግን ከኀፍረቱ ይልቅ ደስታው በለጠብኝ። አባቴ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሰው ነበረው፤ እሱም ያንን ያውቅ ነበር።

ፍሬሟን ይዤ ቆምኩ። በዚህ ጉዳይ ስንት ዓመት ስከራከር ኖሬ የምሬን የጠየቅሁት ያኔ ነው። "ልብሱ ይውለቅ ወይስ ይኑር፣ አባዬ?"

ተነሥቶ መጣ። ፍሬሟን ከእጄ ሳይወስድ ጎንበስ አለና ጨርቁን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ መዳፉን ከኋላው ዘርግቶ እፍ አለ። አባቴ ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። "ይተነፍሳል" አለ። "ይኑር።"

ልገጥማት ስል ክንዴን ያዘኝ።

"ገልብጪያት። ነጥቧ ከላይ ትሁን።"

ገለበጥኳትና ጠቅ አድርጌ ገጠምኳት። ነጥቧ አሁን ከላይ፣ ከበሩ የሚገባ እንግዳ ሁሉ የሚያያት ቦታ ላይ ሆነች። አባቴ ቦታው ሄዶ ተቀመጠና አያት።

"አሁን ተሻለ" አለ።